ለደስታችን የሚከፍለው ማን ነው?

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ገንዘብ የማያስገኝ፣ ሌላው ሰው ሲያየው ሞኝነት የሚመስለው ነገር እያደረጋችሁ ከልባችሁ ተደስታችሁ ታውቃላችሁ? ከሆነስ፣ «ይህ ደስታዬ ትክክል ነው ወይ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ይህን ጥያቄ ይዘን ዛሬ በሐሳብ ወደ እንግሊዝ አገር፣ ወደ አንድ ትንሽ ሐይቅ ዳር እንሂድ።

ጊዜው ክረምት ነው። በዚያ አገር ክረምት ማለት እንደ እኛ የዝናብ ወራት ሳይሆን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው የብርድና የውርጭ ጊዜ ነው። ፀሐይ ዘግይታ ወጥታ ቶሎ ትጠልቃለች፤ ቀኑ በጣም በሚያጥርበት ሰሞን ብርሃኑ ስምንት ሰዓት እንኳ አይሞላም። በሐይቁ ዳር አንድ ሰው ረጅምና ቀጭን ዘንግ ይዞ ቆሟል። ገመዱን ወደ ኋላ፣ ከዚያም ወደ ፊት ይወረውራል። ገመዱ በሚያልፍባቸው ትንንሽ ቀለበቶች ላይ ውኃው ስለሚረጋ በየጊዜው በረዶውን በጣቱ ያራግፋል። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልያዘም። ፊቱን ብታዩት ግን ደስተኛ ነው።

ይህ ሰው የሚያደርገውን «ፍላይ ፊሺንግ» ይሉታል። በመንጠቆው ላይ ትል አይሰካም፤ በላባ፣ በፀጉርና በክር ተጠምጥሞ ነፍሳት እንዲመስል የተሠራ ማባበያ እንጂ። ማባበያው ክብደት ስለሌለው ብቻውን ሩቅ ሊወረወር አይችልም። የሚወረወረው ገመዱ ነው፤ ገመዱ በአየር ላይ ሲዘረጋ ማባበያው ተከትሎት ይሄዳል። በጉልበት የሚወረውር ሰው ገመዱ ይጠላለፍበታል፤ ገመዱ ከኋላው እስኪዘረጋ የሚታገሥ ግን ይሳካለታል።

የሚፈልገው ዓሣ ትራውት ይባላል። በእንግሊዝ በክረምት ሐይቆች የሚጠመደው በተለይ የቀስተ ደመና ትራውት የሚሉት ነው። የትውልድ ቦታው የሰሜን አሜሪካ የፓስፊክ ዳርቻና የሩቅ ምሥራቅ ሩሲያ ሲሆን ወደ እንግሊዝ የገባው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም፤ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ቀዝቃዛ ወንዞች ውስጥ ተለቋል። የአገሬው ቡናማ ትራውት የሚራባው በመጸውና በክረምት በመሆኑ፣ በእነዚያ ወራት እርሱን ማጥመድ በሕግ የተከለከለ ነው። የቀስተ ደመናው ትራውት ግን በአብዛኛው በእንግሊዝ ሐይቆች ውስጥ ስለማይራባ በእርባታ ጣቢያ አድጎ ወደ ሐይቁ ይጨመራል፤ በተዘጉ ሐይቆችም ክረምቱን ሁሉ ሊጠመድ ይችላል።

በክረምት ግን ማጥመዱ ይከብዳል። የትራውት ሰውነት ሙቀት ከውኃው ጋር ስለሚወርድ ዓሣው ይዘገያል፤ የሚያስፈልገውም ምግብ ጥቂት ነው። ውኃ ከሁሉ የሚከብደው በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሆነ ከዚያ የቀዘቀዘው ወደ ላይ ይወጣል። ላዩ በረዶ ሲሠራ እንኳ ታችኛው ውኃ 4 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ይቆያል፤ በሐይቁ ያለው ሕይወት የሚተርፈውም በዚህ ነው። በደለሉ ውስጥ የትንኝ መሰል ነፍሳት እጮች ክረምቱን ይኖራሉ፤ ዓሣውም እነርሱን ይለቅማል። አጥማጁ ማባበያውን ዝቅ አድርጎ፣ ገመዱን በጣቶቹ ቀስ ብሎ እየሰበሰበ ይጠብቃል። ዓሣው ሲነካ የሚሰማው ጉተታ አይደለም፤ ቅጠል ገመዱን የነካው ያህል ነው። ሐሳቡ ሌላ ቦታ ከሄደ ያመልጠዋል።

እንግዲህ የዚህ ሰው ደስታ ከምን የተሠራ እንደሆነ ተመልከቱ። አብዛኛው ዓሣ በመያዝ የሚገኝ አይደለም። ስልኩን ትቶ፣ ጣቱ ደንዝዞ፣ አንድ ነገር ላይ ብቻ ልቡን አሳርፎ መጠበቅ ነው። እንዲህ ያለውን ደስታ ሥራ ፈትነት ነው ብዬ አልነቅፍም። ሰው የተፈጠረው ለማምረት ብቻ አይደለምና።

ነገር ግን «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» እንደሚባለው፣ ጥቂት ጠለቅ ብለን ስንጠይቅ ከበድ ያለ ነገር ይወጣል። የገሊላ ዓሣ አጥማጆች ሌሊቱን ሲደክሙ አድረው መረባቸው ባዶ ሲወጣ የጎደለባቸው እንጀራ ነበር። ይህ ሰው ግን አልተራበም። ለማጥመድ ገንዘብ ከፍሎ የመጣ ነው። በገመዱ ጫፍ ያለው መንጠቆ ደግሞ በሕያው ፍጥረት አፍ ውስጥ የሚገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በስኮትላንድ የተሠራ ጥናት በቀስተ ደመና ትራውት ራስ ላይ ጉዳትን የሚለዩ የነርቭ ተቀባዮች እንዳሉ አሳይቷል። ከንፈራቸው ላይ የንብ መርዝ ወይም አሲድ የተወጉት ዓሦች ወደ መብላት ለመመለስ ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ጊዜ ወስዶባቸዋል። ዓሣ ሕመም የሚሰማው እንደ እኛ ነው ወይ በሚለው ላይ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ። «ምንም አይሰማውም» ብሎ ልብን ማሳረፍ ግን ከእንግዲህ ቀላል አይደለም።

ብዙ አጥማጆች ለዚህ ያላቸው መልስ ዓሣውን ይዞ መልቀቅ ነው። በቅንነት የሚያደርጉት ጥንቃቄም አለ። ጫፉ ላይ እሾህ የሌለው መንጠቆ ይጠቀማሉ፤ እጃቸውን አርሰው ይይዛሉ፤ ስንጥቡ በውርጩ እንዳይጎዳ ዓሣውን ከውኃ ሳያወጡ ይፈቱታል። ቀዝቃዛ ውኃ ብዙ ኦክስጅን ስለሚይዝ የተለቀቀው ዓሣ ከበጋ ይልቅ በክረምት በተሻለ ሁኔታ ያገግማል። መልካም ነው። ታዲያ አንድ ሰው በአንድ ቀን ሃያ ዓሣ ይዞ ሃያውንም ቢለቅ፣ አንድ ይዞ ገድሎ ለራት ከሚወስደው ይልቅ ርኅሩኅ ነው እንላለን?

መልሱ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ሃያው ዓሣ በሕይወት አለና። የስዊዘርላንድ ሕግ ግን ለመልቀቅ አስቦ ማጥመድን ይከለክላል። የጀርመን ሕግም እንስሳን ያለ በቂ ምክንያት ማሠቃየትን ስለሚከለክል፣ ዓሣ የሚጠመደው በዋናነት ለምግብ ሊሆን እንደሚገባ ይታሰባል። ነገሩ ለጆሮ እንግዳ ነው፤ መልቀቅ ጥፋት፣ መግደል የተፈቀደ ይሆናልን? ሐሳቡን ስናጤነው ግን ከባድ እውነት አለበት። ሃያ ጊዜ ይዞ የሚለቅ ሰው ሃያ ፍጥረታትን የጨዋታ መሣሪያ አድርጓል። ጥያቄው ዓሣው ኖረ ወይስ ሞተ የሚለው ብቻ አይደለም። «ያስጨነቅሁት ለምንድን ነው?» የሚለውም ነው።

የእኔን አቋም ልንገራችሁ። በብዙ የእንግሊዝ ሐይቆች ትኬት የሚሸጠው በዓሣ ቁጥር ነው፤ የሁለት ዓሣ ትኬት የገዛ ሰው ሁለት ይዞ ይወስዳል፤ ከዚያ ዘንጉን ይጠቀልላል። ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ይህ ይመስለኛል። ዓሣውን ፈጥኖና ሳያሠቃይ ይገድላል፤ ቤት ወስዶ ይበላዋል፤ ለደስታው የተከፈለውን ዋጋ በገዛ እጁ ይዞ ያየዋል። ገና ብርሃን ሳለ፣ ዓሣውም መብላት በጀመረበት ሰዓት ማቆም ደግሞ ለራሱም የሚከብደው ነው። ዋጋውን ዓሣው ብቻ እንዲከፍል አልተወም።

«ዓሣ ከፈለገ ለምን ከገበያ አይገዛም?» የሚል ከእናንተ መካከል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን የገበያው ዓሣም ሕይወቱን ከፍሏል፤ ልዩነቱ ገዢው አለማየቱ ነው። አለማየት ንጽሕና አይደለም። እርግጥ ነው፣ ጨርሶ አለማጥመድን የሚመርጥ ሰው ቢኖር አልነቅፈውም፤ ሕሊናው የነገረውን ሰምቷልና። የምነቅፈው ሳይጠይቅ የሚደሰተውን ነው።

ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በእንግሊዝ ሐይቅ ዳር ዘንግ ይዛችሁ አትቆሙ ይሆናል። ጥያቄው ግን ከእናንተ ሩቅ አይደለም። በኅብረታችሁ መካከል ሁሉንም የሚያስቅ ቀልድ ሲነገር፣ የተቀለደበት ልጅ አብሯችሁ የሚስቀው ከልቡ ነው ወይስ እንዳይታወቅበት? በስልክ የምትቀባበሉት ቪዲዮ ውስጥ የወደቀው ሰው ማን ነው? «ይዘን ለቀቅነው እኮ፣ ምን ሆነ?» ማለት ለእኛ ቀላል ነው። መንጠቆው የገባው በእርሱ አፍ ነውና።

ደስታን ፍሩ አልላችሁም። ያ ሰው በውርጭ ውስጥ ቆሞ ያገኘው እርጋታ መልካም ነው፤ እናንተም የራሳችሁን ፈልጉ። ነገር ግን ደስ ሲላችሁ ዞር ብላችሁ ዋጋውን ማን እንደከፈለ እዩ። ከፋዩ ሌላ ከሆነ፣ ከእርሱ ላይ የምትወስዱትን አሳንሱ፤ የወሰዳችሁትንም በከንቱ አታባክኑ። ማቆም በሚገባችሁም ሰዓት፣ ገና ብርሃን ቢሆንም፣ ዘንጋችሁን ጠቅልላችሁ ወደ ቤት ግቡ።