ሃምሳ ሎሚ፣ አንድ ማዳበሪያ ከሰል

ከአብያታ ሻላ ስመለስ አንድ ማዳበሪያ ከሰል ገዛሁ። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ማዳበሪያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከስክሪን ጋር ተፋጥጬ እውላለሁ። ባለፈው ጥር አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የቴሌግራም ማስታወቂያ ላከችልኝ፤ የአንድ ቀን ደርሶ መልስ ጉዞ ወደ አብያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ፣ ትራንስፖርት፣ ቁርስ፣ ምሳ፣ መግቢያና አስጎብኚን ጨምሮ። ሳላስብበት ከፈልኩ። እሷ በመጨረሻ ቀረች፣ እኔ ሄድኩ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ስታዲየም አካባቢ ተሰባሰብን። ሃያ ስምንት ሰው፣ አንድ ኮስተር። ሞጆን፣ ቆቃን፣ መቂን አልፈን ባቱ (አብዛኞቻችን አሁንም ዝዋይ ነው የምንላት) ስንደርስ ፀሐይዋ ሞቃ ነበር። ቁርሳችን በየመቀመጫችን የታደለ ሳንድዊች ነው፤ እንቁላል፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ። በመስኮት የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳዎች፣ ከዚያ ደግሞ የአበባ እርሻዎቹ ግሪንሃውሶች ያልፋሉ። አስጎብኚያችን አርባዎቹን የተሻገረ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው፤ ሁላችንም "ጋሼ" እንለዋለን። ቡልቡላ ከተማ ላይ ድልድዩን ስንሻገር ማይኩን አነሳና "ይቺን ወንዝ ልብ በሏት፣ ኋላ እንፈልጋታለን" አለን። ዞር ብዬ አየሁ። ወንዝ ለማለት የምታሳፍር ነገር ነበረች።

ፓርኩ በር ላይ ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ተቀላቀለን። ሰጎኖችን አየን፣ የሜዳ ፍየሎችን አየን፣ ሁላችንም አንድ ዓይነት ፎቶ አነሳን። ከዚያ ሁለቱን ሐይቆች ከሚለየው የፊቄ ተራራ ላይ ሆነን ቁልቁል ተመለከትን። በአንድ በኩል ሻላ፤ እሳተ ገሞራ በፈጠረው ጎድጓዳ ውስጥ የተኛ፣ 266 ሜትር ጥልቀት ያለው፣ ሰማያዊነቱ ወደ ጥቁር የሚሄድ። በሌላ በኩል አብያታ፤ ጠፍጣፋ፣ ነጣ ያለ፣ ጠርዙ የት እንደሆነ የማይለይ። ፓርኩ በአጠቃላይ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ከግማሽ በላዩ ውሃ ነው ተብሎ ይጻፋል። ይጻፋል እንጂ ውሃው ከቁጥሩ ጋር እየተለያየ ነው።

ወደ አብያታ ስንወርድ ኮስተሩ ቆመና ወረድን። ሐይቁ አይታይም። ፈገግ ብሎ "ድሮ የምናቆመው እዚህ ነበር" አለ ጋሼ፣ "ውሃው ጎማችን ሥር ነበር።" ከዚያ መራመድ ጀመርን። እግር ሥር ነጭ ቅርፊት ይንኮሻኮሻል፣ አንዳንድ ቦታ ጭቃው ይውጣል፤ ሽታው እንደ ሳሙናም እንደ ጨውም ነው። ብዙ ሄደን ፍላሚንጎዎቹን እንደ ቀጭን ሮዝ መስመር ከሩቅ አየናቸው።

ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ፣ ሻሸመኔ ነው ያደገችው፣ የሁላችንንም ጥያቄ ጠየቀች።

"ጋሼ፣ ውሃው የት ሄደ?"

"ወደ እናንተ ነዋ" አላት።

ሳቅን። እሱ ግን ቀጠለ። አብያታ መውጫ የለውም። ከዝዋይ የሚተርፈው ውሃ በቡልቡላ በኩል ይመጣል፣ ከላንጋኖም በሆራ ከሎ ትንሽ ይደርሰዋል፣ ከዚያ በኋላ ወደ ሰማይ መትነን ብቻ ነው። የወረፋው መጨረሻ ላይ የቆመ ሐይቅ ማለት ነው። ዝዋይ ላይና ቡልቡላ ላይ ፓምፕ የደቀነ ሁሉ በቅድሚያ ይቀዳል፤ ቲማቲሙ፣ ሽንኩርቱ፣ ጽጌረዳው ይጠጣል። ዳር ላይ ያለው ፋብሪካ ደግሞ ሶዳ አሽ ለማውጣት የሐይቁን ውሃ ገንዳ ውስጥ ሲያተን ኖሯል፤ ሶዳ አሽ ለጠርሙስና ለሳሙና ሥራ የሚገባ ነገር ነው። ድርቁ ሲጨመርበት ሐይቁ ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ግማሽ ያህል ስፋቱን አጣ። ውሃው ሲያንስ ጨዉ በረታ፣ ዓሣው ጠፋ። ሻላ ላይ ካለችው ደሴት እየተነሱ አብያታ ላይ ዓሣ ያጠምዱ የነበሩት ፔሊካኖችም ጓዳቸው ባዶ ሆነ።

ጠዋት የበላሁት ቲማቲም ትዝ አለኝ። ሐይቁን ልናይ ስንመጣ ሐይቁን እየበላን ነው የመጣነው።

ቀጥሎ ግራሮቹን አሳየን። ግራሮቹን ሳይሆን ጉቶዎቹን ማለት ይሻላል። በየመሃሉ መሬቱ ክብ ሆኖ የጠቆረበት ቦታ አለ፤ ከሰል የተከሰለበት ነው። በባህላዊው አከሳሰል የእንጨቱ አብዛኛው ክብደት ጭስ ሆኖ ይሄዳል፤ አንድ ማዳበሪያ ከሰል ከብዙ ማዳበሪያ እንጨት ነው የሚወጣው። ሁላችንም ከንፈራችንን መጠጥን። እኔ በስልኬ ቀረጽኩት፣ ስቶሪ ላይም ለጠፍኩት፤ ከሥሩ የተሰበረ ልብ አደረግሁበት።

ከሰዓት በኋላ ሻላ ዳር ያለውን ፍል ውሃ አየን፣ ወደ 10 ሰዓት ገደማ ጉዞ ወደ ቤት ሆነ። ከፓርኩ ብዙም ሳንርቅ ረዳቱ ወደ ኋላ ዞረና "ከሰል የሚፈልግ?" አለ። ከአስፋልቱ ዳር ማዳበሪያዎቹ ተደርድረዋል፣ አፋቸው በሣር ተከድኖ በገመድ ታስሯል። ኮስተሩ ቆመ። ሰዉ ወረደ። እናቴ ለቡና ከሰል እንደጨረሰች በዚያ ሳምንት ነግራኝ ነበር፤ የአዲስ አበባው ዋጋ ደግሞ አይቀመስም። እኔም ወረድኩ።

ሻጯ ልጅ አዝላለች። ምን እንደምል ጠፍቶኝ "ከየት ነው?" አልኳት። በተሰባበረ አማርኛ "ከዛፍ ነዋ፣ ከየት ይሆናል?" አለችኝና ሳቀች። ተከራክሬ ሃምሳ ብር አስቀነስኩ። ስመለስ ቆጠርኩ፤ ጣሪያው ላይና ኋላ ላይ አሥራ ዘጠኝ ማዳበሪያ ጭነናል። ከአሥራ ዘጠኙ አንዱ የጋሼ ነበር። ዓይን ለዓይን ተጋጨንና "እኔም ቤት አለኝ" አለኝ፣ ሳልጠይቀው። ረዳቱ ደግሞ የማናችንንም ፊት አንብቦ መሰለኝ "ባትገዙትም ከኋላችሁ ያለው መኪና ይገዛዋል" አለ።

ሞጆ እስክንደርስ ማንም ስለዚህ ነገር አላነሳም። እኔም አላነሳሁም። ከዚያ በኋላ ግን ይህ ሐሳብ አልለቀቀኝም፤ የእኔ አንዱ ማዳበሪያ ምንም የማይለውጥ ከሆነ፣ ምን አጠፋሁ?

መጀመሪያ የረዳቱን መልስ ሞከርኩት። "እኔ ባልገዛ ሌላው ይገዛዋል።" ይህንን አረፍተ ነገር ሌላ ቦታ ወስደን እንየው። ጉቦ የሚበላ ሰው "እኔ ባልበላ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሌላው ይበላል" ቢለን ምን እንለዋለን? ምናልባት እውነቱን ነው። እውነት መሆኑ ግን ነፃ አያወጣውም። ሌላው የሚያደርገው የሌላው ነው፤ የእኔን እጅ ንጹሕ አያደርገውም።

ሁለተኛው መልስ ከበድ ይላል፤ "የእኔ ድርሻ ከማይታይ በታች ነው።" እንግሊዛዊው ፈላስፋ ዴሪክ ፓርፊት እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው መጽሐፍ እንዲህ ያለ ምሳሌ አለው። አንድ ሺህ ገራፊዎችና አንድ ሺህ ተገራፊዎች አሉ። ድሮ እያንዳንዱ ገራፊ አንድ ሰው ይዞ የሥቃይ ማሽኑን አንድ ሺህ ጊዜ ያዞርበታል። አሁን ግን እያንዳንዱ ገራፊ አንድ ቁልፍ ይጫናል፤ ቁልፉ የሺውንም ሰዎች ማሽን አንዳንድ ጊዜ ብቻ ያዞራል። የአንዷን ዙር ልዩነት ማንም ተገራፊ አይለየውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ገራፊ ማታ ቤቱ ገብቶ "እኔ ማንንም አልጎዳሁም" ብሎ መተኛት ይችላል። ተገራፊዎቹ ግን ልክ እንደ ድሮው እየጮሁ ነው።

ይህን ሳነብ የራሳችን ተረት ትዝ አለኝ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ሁልጊዜ ለመተባበር ነው የምንጠቅሰው፤ ለዕቁብ፣ ለዕድር፣ ለደቦ። ተረቱ ግን በሌላ በኩልም ይሠራል። አንድ ሰው ብቻውን አሥራ ዘጠኝ ማዳበሪያ የግራር ከሰል ከፓርክ አጠገብ ጭኖ ቢሄድ ሁላችንም "ነውር!" እንላለን። ለአሥራ ዘጠኝ ሰው ሲከፋፈል ግን የእናት ስጦታ ይሆናል። ሲካፈሉት የቀለለው የየአንዳንዳችን ስሜት ነው። የግራሩ ቁጥር እንደሆነ አልቀነሰም።

ሥራዬ ላይ ይህን የሚመስል ችግር አለ፤ ሜሞሪ ሊክ እንለዋለን። አንድ ፕሮግራም ጥያቄ በመጣለት ቁጥር ትንሽ ሜሞሪ ይበደርና መመለስ ይረሳል። ትንሽ ስልህ በጣም ትንሽ። ብትፈትነው ይሠራል፣ ሁሉም ቴስት አረንጓዴ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሰርቨሩ ይወድቅና ስልክህ ይጮሃል። ያንን ሌሊት የመጣው ጥያቄ ከሌሎቹ የተለየ ጥፋት የለበትም። የመጨረሻው መሆኑ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም እኛ ጋ "ማን አጠፋ?" አይባልም። ተሰብስበን ምን እንደተፈጠረ ያለ ወቀሳ እንጽፋለን። ደስ የሚል ልማድ ነው፤ ሰው ሳይፈራ እውነቱን ይናገራል። ይህንን ወደ ኮስተሩ ለመውሰድ በጣም ተፈትኜ ነበር። ማንም ጥፋተኛ አይደለም፣ "ሲስተሙ" ነው፣ በቃ። ግን ስብሰባው እዚያ ላይ አያልቅም። መጨረሻ ላይ የሥራ ዝርዝር አለ፣ ከእያንዳንዱ ሥራ ጎን ደግሞ የአንድ ሰው ስም ይጻፋል። ወቀሳውን የምንተወው ስሙን ለመጻፍ እንዲቀለን ነው። "ሲስተሙ ነው" ብሎ ስም ሳይጽፉ መነሳት ወቀሳን መተው አይባልም፤ ከኃላፊነት መሸሽ ነው።

ታዲያ የማን ስም ይጻፍ? የሴትየዋ? ልጅ አዝላ አስፋልት ዳር የምትውለው ሌላ ብዙ አማራጭ ኖሯት አይመስለኝም። የጋሼ? ቤቱን የሚያስተዳድረው በቱሪስት ነው፤ ቱሪስቱ የጠፋበትን ጊዜም ሁላችንም እናውቀዋለን። የእኔ ግን? እኔ የኤሌክትሪክ ምድጃ አለኝ። ደመወዝ አለኝ። ከሁሉም በላይ፣ ከሁለት ሰዓት በፊት ጉቶዎቹን አይቻለሁ። ያጠፋነው እኩል ቢሆን እንኳ ዕዳችን እኩል አይደለም። ሌላ መንገድ ያለው ሰው ይበልጥ ባለዕዳ ነው። ሃምሳ ብሯ እስካሁን የምትቆረቁረኝም ለዚህ ነው፤ ዛፉን መግዛቴ ሳያንስ በርካሽ ልገዛው ተከራከርኩ።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ነገርኳት። ረከቦቱ ፊቷ ነው፣ ያንኑ ከሰል እያራገበች ትሰማኛለች። ስጨርስ "አንተ ልጅ፣ ድሮስ ከየት የሚመጣ መስሎህ ነበር?" አለችኝ።

ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በከሰል የፈላ ቡና ጠጥቻለሁ። የእኔ ጸጸት ግን የጀመረው ቲኬት ቆርጬ፣ በአስጎብኚ ታጅቤ ጉቶ ካየሁ በኋላ ነው። ምድጃው ላይ እናፍላው አልኳት፤ እሺ አለችኝ። ሁለት ቀን ሠራን። ሦስተኛው ቀን መብራት ጠፋና ከሰሉ ተመልሶ ወጣ። ማዳበሪያው አሁንም በረንዳ ላይ ነው፣ ግማሽ ደርሷል።

አሜሪካዊቷ ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ስትሸለም የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ ያጠናችው የጋራ ግጦሽ፣ የጋራ ውሃና የጋራ ደን እንዴት እንደሚተርፍ ነው። የጋራ ነገር የግድ ይጠፋል የሚሉትን፣ ሰዎች ተነጋግረው ሕግ አውጥተው ለብዙ ዘመን ያቆዩአቸውን ቦታዎች እያሳየች ሞገተቻቸው። ከእሷ የወሰድኩት ነገር ቀላል ነው፤ መነጋገር። በዚያ ኮስተር ውስጥ ሃያ ስምንት ሰው ነበርን፣ ሁላችንም አንድ ነገር ገብቶናል፣ አንዳችንም አልተናገርንም።

ባለፈው ሳምንት ያው ቡድን አዲስ ጉዞ አስታወቀ። ለጋሼ ጻፍኩለት። "ስንመለስ ከሰሉ ጋ አንቁም ብንልስ?"

መልሱ ከእኔ ሐሳብ የተሻለ ነበር። "አለመቆሙ ይቻላል። ሴቶቹ ግን እኛን ጠብቀው ነው የሚውሉት። ቆመን ሌላ ነገር ብንገዛቸው አይሻልም? ሰው እንደሚመጣ ካወቁ እንቁላልም በቆሎም ያዘጋጃሉ። ግን አስቀድሞ የሚያናግራቸው ሰው ያስፈልጋል።"

"እኔ አናግራለሁ" ብዬ ላክሁለት።

ከላክሁት በኋላ ነው ኦሮምኛ እንደማልችል ትዝ ያለኝ። የሻሸመኔዋ ልጅ ትችላለች። ለእሷም ጻፍኩላት።