ልብሰ አበውና ዐውሎ ነፋስ

የስኮትላንድ ደገኞች ልብስ የሆነውን ኪልትን በሥዕል እንኳ ያላየ አንባቢ ብዙ አይመስለንም። ከወገብ እስከ ጕልበት የሚወርድ፣ ከኋላው የተሸነሸነ፣ ዛሬ በየጎሣው የተለየ የመስመር ጥለት ያለው የሱፍ ልብስ ነው። አንዱን ለመስፋት እስከ 7 ሜትር የሚደርስ ጨርቅ ይገባበታል። ቀድሞ ግን የተሰፋ ልብስ አልነበረም። ደገኛው ሰፊውን ሱፍ ቀን በመታጠቂያ ሸንሽኖ ይለብሰዋል፤ ትርፉንም በትከሻው ላይ ይጥለዋል፤ ሲመሽ ፈትቶ ይከናነበዋል። ጋቢንና ቡልኮን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንም።

ልብሱ ከሰዎቹ ጋራ ውቅያኖስ ተሻግሯል። በ1739 (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ከአርጋይል የተነሡ 350 ያህል ደገኞች በሰሜን አሜሪካ ኬፕ ፊር በሚባለው ወንዝ አካባቢ ሠፈሩ፤ ሌሎችም ብዙዎች ተከተሏቸው። የወንዙ ስም ትርጓሜ የፍርሃት ርእሰ ምድር ማለት ነው፤ መርከበኞች ያለ ምክንያት እንዲህ ያሉት አይመስለንም። አገሩ ዛሬ ሰሜን ካሮላይና ይባላል። የስኮትላንድ ተወላጆች ከ1956 ጀምሮ ግራንድፋዘር በሚባለው ተራራ ላይ በኪልት አጊጠው የሚሰበሰቡበት የበጋ በዓል አላቸው። ነገር ግን በዓሉ ካለፈ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሌላ እንግዳ የሚመጣበት ዓመት አለ፤ ይኸውም ሃሪኬን የሚባለው ታላቁ የባሕር ዐውሎ ነፋስ ነው።

ስለዚህ ነፋስ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ደስ አይለንም። የአየር ጠባይ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ በአትላንቲክ ከሚነሡት ዐውሎ ነፋሶች ብዙዎቹ መነሻቸው ከአፍሪቃ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ የአየር ሞገድ ነው፤ ከእነዚህም ሞገዶች ብዙዎቹ የሚጠነሰሱት በዳርፉርና በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ በክረምት በሚነሣው ነጐድጓዳማ ደመና ነው። እንግዲህ በእኛ ሰማይ አጉረምርሞ ያለፈ ደመና በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የማናውቀውን ሰው ጣራ ይገለብጥ ይሆናል። ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ነው ብለን ለማለፍ ያልፈቀድነውም ስለዚህ ነው።

እስቲ በኬፕ ፊር ወንዝ ዳር የሚኖር አንድ ባለ ኪልት ሰው በሐሳባችን እንሣል። የነፋሱን መምጣት ሰምቷል፤ የቀረው ሁለት ቀን ነው። መስኮቶቹን በጣውላ ይደፍናል፤ ነፋስ በአንድ ቀዳዳ ከገባ ጣራውን ከውስጥ ወደ ላይ ገፍቶ ያነሣዋልና። አሸንዳውን ይጠርጋል። በደጅ ያለውን ወንበርና የአበባ ገንቦ ሁሉ ወደ ቤት ያስገባል። የሚጠጣውን ውሃ በጀሪካን፣ ለሌላ ሥራ የሚሆነውን በመታጠቢያው ገንዳ ይሞላል። የርስቱንና የልደቱን ወረቀት ውሃ በማያስገባ ከረጢት ይቋጥራል። ጀኔሬተር ያለው እንደ ሆነ ከቤት ውጭ ያኖረዋል፤ ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ ስላለበት ከነፋሱ የተረፉትን በተኙበት የገደለበት ጊዜ አለና። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ቈይቶ ሣጥኑን ቢከፍት አባቱ ያወረሰውን ኪልት ያገኛል። በዚያች ሰዓት ስለ ልብስ ማሰብ ይገባዋልን?

አንዳንዶች አይገባውም ይላሉ። ነፍስ በምትፈለግበት ሰዓት ጌጥ ከንቱ ነው፤ ሰውየው ሱሪውን ታጥቆ መሰላሉን ይውጣ እንጂ ስለ ሽንሽን አይጨነቅ። (በነፋስ ቀን በኪልት መሰላል መውጣት ለጎረቤት ሣቅ እንደሚሆን እኛም አንክድም።) ሌሎች ደግሞ ይህን ይቃወማሉ፤ ቤት በገንዘብ ይሠራል፣ የአባት ልብስ ግን አይተካም፤ መታሰቢያውን የጣለ ሰው ነፍሱን ቢያተርፍ እንኳ ማን ሆኖ እንደ ተረፈ አያውቀውም ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች ያልጠየቁት ጥያቄ ያለ ይመስለናል። ይኸውም ልብሱ ምን ነገር እንዲያስታውስ ተጠበቀ? የሚለው ነው።

ለዚህ መልስ የልብሱን ታሪክ ማየት ይጠቅማል። ደገኞቹ በ1746 በካሎደን ጦርነት ድል ከሆኑ በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት ልብሳቸውን በሕግ ከለከለ። በመጀመሪያ ጊዜ ለብሶ የተገኘ ሰው 6 ወር ይታሰራል፤ ሁለተኛ የተገኘ ለ7 ዓመት ወደ ባሕር ማዶ ይጋዛል። ሕጉ የተሻረው በ1782 ነው። ሰው ስለ አንድ ጨርቅ እስራትን የታገሠበት ዘመን ነበርና ልብሱን ከንቱ ጌጥ ማለት የማይቻለው ስለዚህ ነው።

የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል ግን ያሳዝናል። በቀድሞው ሥርዐት የጎሣው አለቃ ሕዝቡን በጦር ሲያዝ፣ በራብና በችግር ቀን የመጠበቅም ግዴታ ነበረበት። ከካሎደን በኋላ አለቆቹ ቀስ በቀስ ተራ ባለ መሬቶች ሆኑ፤ በግም ከሰው ይልቅ የሚያተርፍ ሆኖ ስላገኙት ገባሩን ከመሬቱ አስነሡት። በሰዘርላንድ አውራጃ በ1810ዎቹ ዓመታት በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተባረሩ፤ ተመልሰውም እንዳይገቡ ጣራቸው የተቃጠለባቸው ነበሩ። በ1822 ግን ንጉሥ ጆርጅ 4ኛ ኤዲንብራን ሲጐበኝ፣ ደራሲው ዋልተር ስኮት ባሰናዳው በዓል ላይ መኳንንቱ በኪልት ተሸልመው ተሰለፉ፤ ንጉሡም ራሱ ለበሰ። ልብሱ ከዚያን ጊዜ ወዲህ እንደዚያ ተከብሮ አያውቅም ነበር ማለት ይቻላል። አለቃው ለሕዝቡ የነበረበት ግዴታ ግን በዚያ ሰልፍ ላይ አልታየም። ስለ ቅርስ ጥበቃ በምንነጋገርበት ጊዜ ይህ ሰልፍ ከዐይናችን ባይጠፋ ይሻላል።

እንግዲህ ወደ ወንዙ ዳር እንመለስ። ሰውየው አምስት ጣውላ አለው እንበል፤ የራሱ መስኮቶች አምስት ናቸው፤ በጎረቤቱ ደግሞ አንዲት አሮጊት ብቻዋን ትኖራለች። አስቀድሞ የራስን ቤት ማጽናት ይገባል የሚለውን ክርክር በንቀት አናልፈውም። ቤቱን ሳያጸና የቀረ ሰው ነገ ለሌሎች ሸክም ይሆናል፤ እርሱን ለማውጣት በጀልባ የሚመጡትንም ሕይወት ከአደጋ ላይ ይጥላል። ከዚህም በላይ በግቢው የተረሳው ወንበር በነፋሱ ተወርውሮ የሚሰብረው የራሱን መስኮት ሳይሆን የሌላውን ነው። ስለዚህ በዐውሎ ነፋስ ዋዜማ የግል ሥራና የጎረቤት ሥራ የሚለዩበት ድንበር እጅግ ቀጭን ይሆናል። ይሁን እንጂ ይህ ክርክር የሚያገለግለው እስከ አራተኛው ጣውላ ድረስ ነው። አምስተኛው መስኮት የዕቃ ቤት መስኮት የሆነ እንደ ሆነ፣ አሮጊቲቱም የምትተኛበት ክፍል ገና ያልተደፈነ ከሆነ፣ አምስተኛው ጣውላ የማን እንደ ሆነ ለመናገር ብዙ ፍልስፍና አያስፈልግም።

አሮጊቲቱ ከጎሣው ባትሆንስ? ይህ ጥያቄ በዚያ አገር የሐሳብ ብቻ አይደለም። ከሰፋሪዎቹ ደገኞች መካከል ከራሳቸው አገር ተነቅለው የመጡ ሆነው ሳሉ ሌሎችን በባርነት የገዙ ነበሩ። ባርነት ከቀረ በኋላም ነጻ የወጡት ሰዎች ብዙ ጊዜ ያገኙት ሌላው ያልፈለገውን ዝቅተኛ መሬት ነው፤ በዚያው በሰሜን ካሮላይና፣ በታር ወንዝ ዳር፣ ነጻ የወጡ ባሮች የመሠረቷት ፕሪንስቪል የምትባል ከተማ በ1999 እና በ2016 በጎርፍ ተጥለቅልቃለች። ውሃው የሚወርድበት ቦታ አስቀድሞ በሰው ፍርድ የተመደበ መሆኑን ያልተገነዘበ ሰው፣ አደጋውን ሁሉ የተፈጥሮ ሥራ ነው ብሎ ይገላገላል።

በ2018 የመጣው ፍሎረንስ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ደግሞ ሌላ ነገር አስተምሯል። በውቅያኖስ ላይ ሳለ ፍጥነቱ በሰዓት እስከ 240 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር፤ በመስከረም 14 ቀን ወደ የብስ ሲገባ ግን ወደ 150 ዝቅ አለ። ነፋሱ ከ5 ደረጃዎች በመጨረሻው ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ስለ ተመደበ የተዝናና ሰው ነበር። ደረጃው ግን የሚለካው ነፋሱን እንጂ ዝናቡን አይደለም። ዐውሎው እጅግ በዝግታ ስለ ተጓዘ በኬፕ ፊር ወንዝ ዳር ባለችው በኤሊዛቤትታውን ከ900 ሚሊሜትር በላይ ዘነበ፤ ይህም አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ዝናብ የሚበዛው እጅ ነው። የወደብ ከተማዋ ዊልሚንግተን መንገዶቿ በውሃ ተቈርጠው እንደ ደሴት ሆነች። በ2024 ደግሞ ሄሊን የተባለው ከባሕር ርቀው በተራራ የሚኖሩትን መታ፤ በዚያው ግዛት ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ደጋ መሸሸጊያ ነው የሚለው የአበው ዕውቀት በዚያ ቀን አልሠራም።

ሰውየው ስለ ኪልቱ የጠየቀውን ጥያቄ አልዘነጋነውም። እንደ እኛ አስተያየት፣ ጣውላው ሁሉ ከተመታና አሮጊቲቱ ወደ መጠለያ ከሄደች በኋላ ጊዜ ከተረፈው፣ ኪልቱን በሽንሽኑ አጥፎ፣ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ጠቅልሎ፣ ከፍ ካለው መደርደሪያ ላይ ያኑረው፤ ርጥበት ያደረበት ሱፍ ይሻግታልና። በመኪናው ውስጥ ግን ያ ቦታ ለሌላ ሰው የሚሆን ከሆነ ልብሱ እዚያው ይቅር። መሰላሉንም ወደ ዕቃ ቤት አስገብቶ አይቈልፍበት፤ በመንገዱ ማዶ ያለው ሰው ገና ሦስት መስኮት ይቀረዋል።