ስለ ማየትና ስለ ማስቀረት

ሰው ያየውን መልካም ነገር ሁሉ ለነገ ሊያስቀረው ይወዳል። ይህም ምኞት በጠባዩ ክፉ አይደለም፤ የሚያልፈውን መውደድ የሟች ሰው ባሕርይ ነውና። ዳሩ ግን ለማስቀረት የሚጣደፍ ሰው ያንኑ ነገር በእውነት አይቶታልን? ብሎ መጠየቅ ይገባል።

በገርጂ ሰፈር ቀን በሥራ የደከመ ሰው፥ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን፥ ሣርና ዛፍ፥ ድንጋይና ውሃ ወዳለበት ግቢ ነፋስ ለመቀበል ይገባል። በእጁም ፎቶግራፍ የሚያነሣ ስልክ ይዟል። የአዲስ አበባ ምሽት አጭር ነው፤ አገሩ ለምድር ወገብ የቀረበ ስለ ሆነ፥ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ይጨልማል። ስለዚህ ሰውየው ይቸኩላል፤ ከአበባው ወደ ኩሬው፥ ከኩሬው ወደ ዛፉ እየዞረ ያነሣል። ወደ ቤቱ ሲመለስ ሥዕሉ ብዙ ነው፤ ስለ ውሃው ድምፅ ቢጠይቁት ግን የሚመልሰው የለውም።

ስለ አትክልት ቦታና ስለ ተመልካቹ ብዙ ካሰቡት ሕዝቦች አንዱ የጃፓን ሕዝብ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደዚያ አገር በመልእክት ሄደው፥ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ከጻፉ ወዲህ፥ የአገሩ ነገር ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በጃፓን ሥርዓት የሚሠራ የመመላለሻ አትክልት በአንድ እይታ አይጨረስም። መንገዱ ሆን ተብሎ ይጠማዘዛል፤ ዛፉ ኩሬውን ይሸሽገዋል፥ ጥቂት እርምጃ ሲራመዱ መልሶ ይገልጠዋል። የመርገጫው ድንጋይ ያልተስተካከለ ስለ ሆነ፥ የሚሄደው ሰው እግሩን እያየ በዝግታ ይራመዳል፤ ቀና የሚልበትንም ስፍራ አትክልተኛው አስቀድሞ አስቦታል። ከ900 ዓመት በላይ ያስቈጠረው «ሳኩቴይኪ» የተባለው መጽሐፋቸው፥ ድንጋይ የሚያቆም ሰው የድንጋዩን ፈቃድ እንዲከተል ያዝዛል።

በኪዮቶ ከተማ ሪዮአንጂ በሚባለው የቡድሃ ገዳም ደግሞ 15 ድንጋዮች በነጭ ጠጠር ላይ ቆመዋል። በሰገነቱ ላይ ተቀምጦ ለሚመለከት ሰው፥ በየትኛውም ወገን ቢቀመጥ፥ ቢያንስ አንዱ ይሰወርበታል። ቅኔ የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ አይደነቅም፤ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን መፈለግ ልማዱ ነውና። የተሰወረው ድንጋይ ጉድለት አይደለም፤ ተመልካቹ ሁሉን እንዳልያዘ የሚያስታውሰው ነው እንጂ። ከዚያ ሰገነት የተነሣ ፎቶግራፍ ግን ያን ድንጋይ አያሳይም፤ የባሰውም፥ መሰወሩን እንኳ አይናገርም።

ማስቀረት ወሰን ሲያጣ ባልንጀራንም ይጎዳል። በዚያው በኪዮቶ፥ በጊዮን ሰፈር፥ በባህል ልብስ አጊጠው ወደ ሥራቸው የሚሄዱትን ሴቶች ጎብኚዎች ፎቶግራፍ ለማንሣት እየተከተሉ አስቸገሩ። ስለዚህ የሰፈሩ ሰዎች በ2019 እ.ኤ.አ. በግል መንገዶቻቸው ላይ ያለ ፈቃድ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሁሉ 10,000 የን ይከፍላል የሚል ማስታወቂያ አቆሙ። የድንጋይ ፈቃድ በሚጠየቅበት አገር የሰው ፈቃድ ሳይጠየቅ መቅረቱ እንዴት ያሳዝናል!

አንዳንድ ሰው ግን «ፎቶግራፍ ባይኖር የሞተውን አባት መልክ ማን ያስታውስ ነበር?» ይላል። እውነት ነው። አንድ ልጅ ሽማግሌ አባቱን ደግፎ በምሽት በአትክልት መካከል ቢመላለስ፥ ያን ጊዜ ያነሣው ሥዕል ከዓመታት በኋላ ከወርቅ ይበልጥበታል። ነገር ግን አባቱ ሊነግረው የጀመረውን ቃል «አባባ፥ እስቲ ዝም ብለው እዚያ ይቁሙ» ብሎ አቋርጦት እንደ ሆነ፥ መልኩ ቀርቶለት ቃሉ ጠፍቶበታል። ሥዕሉንም ባየ ቍጥር የሚያስበው ያን ያልሰማውን ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ፎቶግራፍ ማንሣት ይገባል ወይስ አይገባም የሚል አይደለም፤ ከማየትና ከማስቀረት የትኛው ይቀድማል የሚል ነው። ለዚህም ምሽቱ ራሱ መልስ ይሰጣል። ብርሃን ሲያንስ የፎቶግራፍ መሣሪያ ዓይኑን ረዘም ላለ ጊዜ መክፈት ይኖርበታል፤ የያዘው እጅ ከተንቀጠቀጠም ሥዕሉ ይደበዝዛል። በምሽት መልካም ሥዕል የሚያነሣ ሰው ጸጥ ብሎ ቆሞ፥ ትንፋሹን ሰብስቦ የሚጠብቅ ሰው ነው። መሣሪያው ዝግታን ካዘዘ፥ የመሣሪያው ጌታ ስለ ምን ይቸኩላል?

በገርጂ ምሽት የሚቆየው ብርሃን ጥቂት ነው። ሰው ከዚያ ጥቂት እኩሌታውን ለዓይኑ፥ ለጆሮውና አብሮት ለሚሄደው ሰው ሰጥቶ፥ በቀረው አንድ ሥዕል ቢያነሣ፥ ያ አንዱ ሥዕል ያየውን ሁሉ ያስታውሰዋል። ሳያይ ያነሣው መቶ ሥዕል ግን የሚመሰክርበት፥ በዚያ ስፍራ ቆሞ ሳለ በዚያ እንዳልነበረ ብቻ ነው።