መጀመሪያ ጆሮህ ይማር

ልጄ፣ ባለ አምስት ክር ባንጆ ገዝተህ የአፓላቺያን ተራሮች የዱሮ ዜማ በክላውሃመር ስልት ልትማር መነሳትህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ቨርጂኒያ ውስጥ ስኖር ከኦልድ ታይም ተጫዋቾች ጋር ብዙ ስለተቀመጥኩ፣ ድካምህ ከንቱ እንዳይቀር ጥቂት ነገር ልምከርህ። ከሁሉ የሚቀድመው ይኸው ነው፦ ማንጎራጎር ያልቻልከውን ዜማ ባንጆ ላይ አትፈልገው።

ዛሬ ጀማሪ ሁሉ የሚሮጠው ወደ ታብ ነው። ታብ የትኛውን ክር የትኛው ፍሬት ላይ እንደምትይዝ ያሳይሃል። እነዚህ ግን የጭፈራ ዜማዎች ናቸው፤ ምቱ የት ላይ እንደሚከብድ፣ የት ላይ እንደሚለሰልስ ወረቀት አጥርቶ አይናገርም። ኖታውን አንድም ሳያጓድል የሚጫወት፣ ግን ማንም ተነስቶ የማይጨፍርለት ስንት ሰው አይቻለሁ!

ስለዚህ አንድ ዜማ ምረጥና መንገድ ስትሄድም፣ ዕቃ ስታጥብም አዳምጠው። አብዛኞቹ ሁለት ክፍል አላቸው፤ እያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሁለት ጊዜ ይደገማል። የመጀመሪያው የት እንደሚያልቅ፣ ሁለተኛው በምን እንደሚነሳ ሳትሳሳት በአፍህ ስትለው ያኔ ባንጆውን አንሳ። ስታዳምጥም ከባንጆው በፊት ቫዮሊኑን አስቀድም፤ በዚህ ሙዚቃ ዜማውን የሚመራው እሱ ነው። የሕዝብ ሙዚቃ አጥኚው አለን ጃቡር እ.ኤ.አ. በ1966 እና በ1967 ግሌን ሊን፣ ቨርጂኒያ ይኖሩ ከነበሩት አዛውንት ቫዮሊነኛ ከሄንሪ ሪድ የቀዳቸው ዜማዎች በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ። ለባንጆው ደግሞ የዌድ ዋርድን፣ የፍሬድ ኮከርሃምንና የካይል ክሪድን ቅጂዎች ፈልግ።

ወደ ቀኝ እጅህ ልምጣ። ብሉግራስ በሚባለው የሙዚቃ ዓይነት ሦስት ጣቶች መምቻ አጥልቀው ክሮቹን ይለቅማሉ፤ ያንን ለጊዜው እርሳው። በክላውሃመር እጅህን ሳታጠብቅ ግማሽ ጨብጠህ፣ በአመልካች ወይም በመሃል ጣትህ ጥፍር ክሩን ወደ ታች ትመታዋለህ። ኃይሉ የሚመጣው ከእጅህ ነው፤ ጣትህን ብቻ እያወናጨፍክ አይሆንም። መጀመሪያ የዜማውን ድምፅ የያዘውን አንዱን ክር ትመታለህ። ቀጥለህ በዚያው ጥፍር ክሮቹን ጠረግ ታደርጋለህ። ስትጠርግ አውራ ጣትህ አጭሩ አምስተኛ ክር ላይ ያርፋል፤ እጅህ ሲነሳ ክሩን ይዞት ይነሳና ይለቀዋል። አንዱ ረጅም፣ ሁለቱ አጭር፦ ዱም ታካ፣ ዱም ታካ። ግራ እጅህ ምንም ሳይነካ ይህ ብቻ እግርህን እስኪያስነሳው ድረስ ተለማመደው። አውራ ጣትን ወደ ውስጥ ክሮች ማውረድ፣ ተጫዋቾቹ ድሮፕ ተም የሚሉት፣ በኋላ ይደርሳል። ፍጥነትም እንዲሁ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ይህ ምት ከየት እንደመጣ ማወቅም ግዴታህ ነው። ባንጆን በካሪቢያንና በአሜሪካ ከቅልና ከቆዳ የሠሩት በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው ናቸው። በሴኔጋልና በጋምቢያ የጆላ ሕዝብ አኮንቲንግ የሚባለውን ባለ ሦስት ክር መሣሪያ ዛሬም በጥፍር ወደ ታች እየመታ፣ አጭሩን ክር በአውራ ጣቱ እየነካ ይጫወታል። ከነጮች መካከል ቀድሞ በባንጆ ስሙ የገነነው የቨርጂኒያው ጆኤል ስዊኒ (1810–1860) ከጥቁሮች ነው የተማረው፤ በ1855 የታተመው የብሪግስ የባንጆ መማሪያም የሚያስተምረው ይህንኑ የወደ ታች ምት ነው።

የመማሪያው መንገድም አልተለወጠም። በ2005 ቡን፣ ሰሜን ካሮላይና በተደረገው የጥቁር ባንጆ ተጫዋቾች ስብሰባ ሰሞን የተዋወቁት ሪያነን ጊደንስ፣ ዶም ፍሌመንስና ጀስቲን ሮቢንሰን፣ በዚያው ግዛት ሜበን ይኖሩ ወደነበሩት ጥቁር ቫዮሊነኛ ወደ ጆ ቶምፕሰን (1918–2012) ቤት እየሄዱ፣ አብረዋቸው እየተጫወቱ ተማሩ፤ ካሮላይና ቾኮሌት ድሮፕስ የተባለው ባንድም የወጣው ከዚያ ነው። እዚያው ሰሜን ካሮላይና፣ ማውንት ኤሪ አጠገብ የነበረው የቫዮሊነኛው የቶሚ ጃሬል (1901–1985) ቤትም ከሩቅ አገር ለሚመጡ ወጣቶች ክፍት ነበር። ስለዚህ በስልክህ ብቻ አትወሰን፤ የሚያስጠጋህ ሰው ፈልግ።

ክር መቃኘት ጊዜ ይወስዳል፤ አትማረርበት። የክራር ደርዳሪ ከባቲ ወደ አንቺሆዬ ሲሻገር ክሮቹን እንደሚያስተካክል ሁሉ፣ ባንጆም እንደ ዜማው ይቃኛል። በጂ ቅኝት አምስተኛው ክር ጂ ነው፤ ከአራተኛው እስከ አንደኛው ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ዲ ናቸው። ሁለተኛውን ከቢ ወደ ሲ ብታነሳው ሶውሚል ይሆንና ድምፁ ቅር ያለው ዓይነት ይመስላል። በዚያ ላይ አራተኛውን ከዲ ወደ ሲ ብታወርደው ደብል ሲ ነው። ካፖ የሚባለውን የክር መጨበጫ ሁለተኛው ፍሬት ላይ አስረህ አምስተኛውን ክር በዚያው ልክ ብትወጥረው፣ የጂው ኤ፣ የሲው ዲ ይሆንልሃል፤ ቫዮሊነኞች አዘውትረው የሚጫወቱት በእነዚህ ነው።

ጃም በሚሉት የጋራ ጨዋታ ላይ ስትቀመጥ ሥርዓት አለው። የቫዮሊነኛውን እጅ የምታይበት ቦታ ያዝ። የማታውቀው ዜማ ሲነሳ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች አዳምጥ፣ ከዚያ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ግባ። እንደ ጃዝ ተራ በተራ ብቻውን የሚያሳይ የለም፤ ሁሉም አንዱን ዜማ ደጋግሞ አብሮ ይጫወታል። መሪው እግሩን ካነሳ የመጨረሻው ዙር ነው ማለት ነው፤ አቀርቅረህ የራስህን ጣት ስታይ እንዳያመልጥህ። ሌሎቹ በያዙት ቅኝት ሳይጨርሱ ቅኝት እንለውጥ ብለህ አትቸኩል፤ ባንጆዎቹ ሁሉ እንደገና መቃኘት አለባቸው። ከ1935 ጀምሮ ጌላክስ፣ ቨርጂኒያ የሚካሄደው የቫዮሊነኞች ውድድር ላይ ብትሄድም ከመድረኩ ይልቅ ድንኳኖቹ መሃል ቆይ፤ ትምህርቱ እዚያ ነው።

በክሪፕል ክሪክ ጀምር፤ በጂ ቅኝት ስለሚያዝ ለጀማሪ ይመቻል። እሱ ሳይበስል ሌላ አትጨምር። አሥር ዜማ በግማሽ ከሚያውቅ ይልቅ ሦስቱን አጥርቶ የሚያውቅ ነው ወንበር ሳብ የሚደረግለት።