ማስታወቂያ የሚማር ሰው አስቀድሞ ምን ይማር?

የኮርስ ምርጫ ሲደርስ ተማሪ የሚጠያየቀው የታወቀ ነው። «የቱ ይቀላል? የቱ ግሬድ ይሰጣል? የቱስ ሥራ ያስገኛል?» ሦስቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ተማሪም ነገ እንጀራ መብላት አለበትና በዚህ የሚነቀፍ የለም። ነገር ግን የማስታወቂያን ሙያ በዲግሪ ደረጃ ሊማር የተነሣ ሰው አራተኛ ጥያቄ ይጠብቀዋል። ይኸውም «የሰውን ልብ መሳብ ከመማሬ በፊት ምን ማወቅ አለብኝ?» የሚል ነው። ነገሩ የሬጂስትራር ጉዳይ ይመስላል። እኔ ግን የኮርሶቹ ቅደም ተከተል ራሱ የሞራል አቋም ነው እላለሁ።

እስቲ ከቃሉ እንነሣ። በቋንቋችን ማስታወቂያ ያልታወቀው እንዲታወቅ የሚደረግበት መንገድ ነው። ነጋሪት አስጎስሞ አዋጅ የሚያሰማው፣ ሌሊት ጥሩምባ እየነፋ የዕድርተኛውን ሞት የሚናገረው፣ «ላሜ ጠፋችብኝ» ብሎ በገበያ የሚያስለፍፈው፣ ሁሉም አስታዋቂዎች ናቸው። የሚያውቁትን ለማያውቀው ይነግራሉ፤ የቀረውን ለሰሚው ይተዉለታል። የዛሬው ሙያ ግን በማሳወቅ አያበቃም። ሰው ትናንት ያላሰበውን ነገር ዛሬ እንዲሻው ያደርጋል። የሞራሉ ጥያቄ የሚነሣው ከማሳወቅ ወደ ማስመኘት ስንሻገር ነው።

ይህን ሙያ ወደ ዩኒቨርሲቲ በማስገባት አሜሪካ ከቀደሙት አገሮች አንዷ ነች። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የማስታወቂያ ዲፓርትመንት እ.ኤ.አ. በ1959 ሲቋቋም መሪው የነበረው ቻርልስ ሳንዴጅ፣ ተማሪው የእጅ ሙያ ብቻ ሳይሆን ሰፊ ዕውቀት ይዞ መውጣት አለበት ከሚሉት ወገን ነበር። በዚያ አገር የጋዜጠኝነትና የማስታወቂያ ትምህርት ሲመዘንም ለረጅም ዘመን የተሠራበት ልማድ ከጠቅላላው ትምህርት ሦስት አራተኛ ገደማ ከሙያው ክፍል ውጭ እንዲወሰድ ነው። 120 ክሬዲት ሰዓት ያለው ዲግሪ ቢሆን 90 ያህሉ ለታሪክ፣ ለኢኮኖሚክስ፣ ለሳይኮሎጂ፣ ለስታቲስቲክስ፣ ለሥነ ጽሑፍ ይውላል፤ 30 ያህሉ ብቻ ለማስታወቂያ ጽሑፍ፣ ለገበያ ጥናትና ለመሳሰለው ይቀራል ማለት ነው። መልካም ሐሳብ ነው። ሰውን የማያውቅ ለሰው ሊናገር አይችልምና።

ታዲያ ሰውን ማወቅ ብቻውን ይበቃል ወይ? አይመስለኝም። ጆን ዋትሰን የተባለው ስመ ጥር የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1920 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ከወጣ በኋላ በጄ ዋልተር ቶምፕሰን የማስታወቂያ ድርጅት ተቀጠረ። የሰው ጠባይ እንዴት እንደሚለመድና እንዴት እንደሚለወጥ ከእርሱ የበለጠ ያጠና ጥቂት ነበር። ለልምምድም በኒው ዮርኩ የሜሲስ መደብር ከሽያጭ ጠረጴዛው ኋላ ቆሞ ገዢውን ይመለከት ነበር። ኤድዋርድ በርኔይስም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1929 በፋሲካ ዕለት በኒው ዮርክ ጎዳና ወጣት ሴቶች ሲጋራ እያጨሱ እንዲሄዱና ሲጋራውም «የነፃነት ችቦ» እንዲባል ያደረገ እርሱ ነው። ከፋዩ የትምባሆ ኩባንያ ነበር። ምክሩን ያገኘው ደግሞ ከሥነ ልቡና ሐኪም ነው። እዚህ ላይ የጎደለው ዕውቀት አልነበረም። ሴቶች ለመብታቸው ያላቸው ናፍቆት በደንብ ታውቆ ነበር፤ ታውቆ ለትምባሆ ዋለ እንጂ። ችግሩ ዕውቀቱ ሁሉ ከጠረጴዛው ወዲያ፣ በሻጩ በኩል ቆሞ የተሰበሰበ መሆኑ ነው።

«ማስታወቂያ ሠሪ እንደ ጠበቃ ነው፤ ደንበኛውን ወክሎ ይናገራል፣ ፍርዱ የሰሚው ነው» የሚሉ አሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም አንድ ነገር ይረሳል። ጠበቃ ሲናገር ፊት ለፊቱ ሌላ ጠበቃ አለ፣ ከላይም ዳኛ ተቀምጧል። ማስታወቂያ ግን ተከራካሪ በሌለበት ችሎት የሚናገር ጠበቃ ነው። አድማጩ ሳሎኑ ውስጥ ደክሞት ተቀምጧል፤ አንዳንዴም ገና ማንበብ ያልቻለ ሕፃን ነው። ተቃዋሚ ከሌለ የተቃዋሚውን ሥራ በከፊል ራሱ ተናጋሪው መሥራት አለበት። ካልሠራ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው።

«ሕግ አለ አይደል?» ለሚልም መልስ አለ። በአገራችን የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 በ2004 ዓ.ም. ወጥቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ከለከለ። ለመሆኑ በዋዜማው የቢራ ማስታወቂያ ይጽፍ የነበረው ሰው በማግስቱ ያ ሥራው በአንድ ሌሊት ክፉ ሆነበት? ክፉ ከነበረ በዋዜማውም ክፉ ነበር፤ ደግ ከነበረም አዋጁ ክፉ አያደርገውም። ሕግ ምን ያስቀጣል የሚለውን ይነግረናል፤ ምን ያሳፍራል የሚለውን ግን ለኛው ይተዋል።

ይህን ስል ሙያው ይጥፋ ማለቴ አይደለም። ፈንጣጣን ለማጥፋት በተደረገው ዓለም አቀፍ ዘመቻ የታመመ ሕፃን ፎቶግራፍ ያለበት ካርድ ከመንደር መንደር እየታየ ያየ ሰው እንዲጠቁም ይጠየቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በሽታው ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። ያም ማስታወቂያ ነበር። አንድ ሥዕልና አንድ ጥያቄ፣ ውሸትም አልነበረበትም። ሰዉ ካርዱን ያዩትና መልስ የሰጡት ለራሳቸው ልጆች ነው፤ ጥቅሙም ዞሮ የገባው እነርሱ ቤት ነው።

እንግዲህ የኮርስ እቅድ ብጠየቅ እንዲህ እላለሁ። ሥነ ምግባር በአራተኛው ዓመት መጨረሻ፣ ሥራ ማመልከቻ በሚጻፍበት ሰሞን፣ እንደ ኢሌክቲቭ አይምጣ። ተማሪው ያን ጊዜ እጁን አሠልጥኖ ጨርሷል፤ ኮርሱ ከምርቃት ጋዋኑ ጋር የሚደረብ ጌጥ ይሆንበታል። በመጀመሪያው ዓመት ይምጣ፤ ቀጥሎም በየኮርሱ ውስጥ ይግባ። የማስታወቂያ ጽሑፍ የሚያስተምረው መምህር «ይህ ይሸጣል ወይ?» ብሎ እንደሚያርም ሁሉ «ያልተናገርከው ምንድር ነው?» ብሎም ይረም። የገበያ ጥናት ኮርስ ተማሪውን ከጠረጴዛው ወዲህ፣ በገዢው በኩል ያቁመው፤ ዕቃውን ገዝተው ቤታቸው ከገቡ ሰዎች ጋር ከወር በኋላ ያነጋግረው። ስታቲስቲክስ የሚማረውም ቁጥር ለማሳመር ሳይሆን በቁጥር ሲታለል ለማወቅ ይሁን።

ዲፓርትመንቱ ይህን ባያዘጋጅ ተማሪው በገዛ እጁ ሊያዘጋጀው ይችላል። የኢሌክቲቩ ክፍት ቦታ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ወንበር፣ የገበያው ቅዳሜ በእጁ ናቸው። ግሬድ አይሰጥባቸውም እንጂ ኋላ አንድ አለቃ ጽሑፍ አምጥቶ «ይህቺን ትንሽ አሳምርልኝ» ሲለው፣ የትኛውን እንደሚያሳምርና ከየትኛው እጁን እንደሚሰበስብ የሚያውቀው በእነዚያ ነው።