ፈተናው ማንን ያገኛል?

ጅጅጋ ውስጥ ትንሽ ሻይ ቤት አለኝ። የእግር ኳስ ጨዋታ በሌለበት ሰዓት ቴሌቪዥኑ ጎልፍ ያሳያል፤ ደንበኞቼ ጀርባቸውን ሲሰጡት እኔ አፍጥጬ አያለሁ። ስለ ፈተናና ስለ ፍትሕ ብዙ እንዳስብ ያደረገኝም በሣሩ መሃል የሚቆፈረው የአሸዋ ጉድጓድ፣ ባንከር የሚሉት ነው።

ባንከር ብዙ ጊዜ የሚቆፈረው የጎበዝ ተጫዋች ኳስ ታርፍበታለች በሚባል ቦታ ነው። ዱላውና ኳሱ እየተሻሻለ፣ ተጫዋቹም እየጎለበተ ሲሄድ ኳሷ ጉድጓዱን በአየር ታልፈዋለች። ያኔ ጉድጓዱ የሚይዘው ምቱ ከዚያ የማያልፍለትን ሽማግሌና ጀማሪ ብቻ ይሆናል። በ1951 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ኦፕን በሚቺጋን፣ ኦክላንድ ሂልስ ሊካሄድ ሲል ንድፍ አውጪው ሮበርት ትሬንት ጆንስ ይህንን ነበር ያስተካከለው። ጊዜ ያለፈባቸውን ጉድጓዶች አስደፍኖ፣ የዘመኑ ባለሙያዎች ኳስ በሚጥሉበት ርቀት ላይ አዳዲስ አስቆፈረ። በጎልፍ የሚያሸንፈው ጥቂት ምት የመታ ነው፤ በዚያ ውድድር ከ70 ምት በታች የተጠናቀቀ ዙር ሁለት ብቻ ነው፤ የአሸናፊው የቤን ሆጋን 67 እና የክሌይተን ሄፍነር 69።

እኛ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም መከራ የደረሰበትን ሰው ሲያጽናና ፈጣሪ ማንንም ከአቅሙ በላይ አይፈትንም ይላል። ለተከፋ ሰው መልካም ቃል ነው። እኔ ግን ቃሉ ከተፈታኙ ይልቅ ፈታኙን የሚመለከት ይመስለኛል። ፈጣሪ እንኳ አቅም መዝኖ የሚፈትን ከሆነ፣ በሰው መንገድ ላይ መሰናክል የሚያቆም ሁሉ ቢያንስ ማን እንደሚወድቅበት ሄዶ ማየት አለበት።

ጎረቤቴን ኤዶ ብዬ ነው የምጠራት፤ በዕድሜ እናቴ ትሆናለች። ከድንበር ከተማዋ ከቶጎ ውጫሌ ጨርቅና ሽቶ እያመጣች ትቸረችራለች። አንድ ምሽት ባዶ እጇን ገባች። ኬላ ላይ ተወርሶባት፣ ሻሿ ውስጥ የጠቀለለቻት አንዲት የሽቶ ጠርሙስ ብቻ ተርፋታለች። ወተት የበዛበት ሻይ አቀረብኩላትና፣

«ትልልቆቹ ነጋዴዎችስ አልተያዙም?» አልኳት።

«አንተ ልጅ፣ እነሱ በኬላው በኩል መች ያልፉና! በአውቶብስ የምንመጣው እኛ ነን» አለችኝ።

ኬላ ይፍረስ አልልም። ያለ ሕግ ከተማ አይኖርም። ነገር ግን ባንከር ሁለት መልካም ጠባይ አለው። ብዙውን ጊዜ ከሩቅ ይታያል፤ ተጫዋቹ ሊዞረው ወይም አሳጥሮ መትቶ ከፊቱ ሊቆም ይችላል። ደግሞም የገባበትን ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ምት ቢያስከፍለው ነው፤ ዱላውን አይነጥቀውም። ኤዶን ግን አንድ ኬላ መነሻ ገንዘቧን ጠርጎ ወሰደባት። ይህን ፈተና ለማለት አንደበቴ አይደፍርም፤ ወጥመድ ነው።

ሾፌር የሆነ ደንበኛዬ ይህን ሰምቶ፣ «ታዲያ ጉድጓዱን ጎበዙ ወዳለበት መግፋት ጉብዝናን መቅጣት አይሆንም? ጉልበትም እኮ የአላህ ስጦታ ነው» ብሎ ተከራከረኝ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። መልሴ የጎልፍ ተጫዋቹ ታይገር ዉድስ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ ውስጥ በሴንት አንድሩስ አሮጌው ሜዳ፣ ከመቶ በላይ ባንከር ባለበት፣ አራት ቀን ሙሉ አንዱም ውስጥ ሳይገባ በስምንት ምት ልዩነት አሸነፈ። ጉድጓዶቹ ጉብዝናውን መሰከሩለት እንጂ አልቀጡትም። ጎበዝ በልኩ ሲፈተን ክብር ያገኛል። ደካማ ለሌላ ሰው በተቆፈረ ጉድጓድ ሲወድቅ ግን ስለ ራሱ የሚማረው ነገር የለም፤ ኪሳራው ብቻ ይቀርለታል።

«ፈተና ያጠነክራል» የሚለውን ስለ ራሱ የሚናገር ሰው ጽናቱን አደንቅለታለሁ። ራሱ ባቆመው መሰናክል ለወደቀ ሰው ይህንኑ የሚናገር ግን የፈጣሪን ወንበር ይዟል፤ የፈጣሪን ሚዛን ግን አልያዘም።