የጣቢታ ልብስና የወንድማችን መጋዝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 በኢዮጴ ከተማ ትኖር ስለ ነበረች ጣቢታ ስለምትባል ደቀ መዝሙር ተጽፎልናል። ይህች ሴት ታማ በሞተች ጊዜ ቅዱስ ጴጥሮስ ተጠርቶ መጣ። ወደ ሰገነቱ በወጣ ጊዜም መበለቶች ከበውት እያለቀሱ፣ በሕይወት ሳለች የሠራችላቸውን ልብስ ያሳዩት ነበር። ልብ እንበል! መበለቶቹ ስለ ደግነቷ ረጅም ንግግር አላደረጉም፤ እጇ የሠራውን አሳዩ። የጣቢታ መታሰቢያ በመርፌና በክር ተሠርቶ በድሆች ገላ ላይ ነበር።

ይህን ታሪክ ያነሣነው በመካከላችን ስለ ሆነው ነገር ነው። ካቻምና አንድ ወንድማችን በድንገተኛ ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት ተለየን። አናጢ ነበር። ዛሬ የምንቀመጥባቸውን አግዳሚ ወንበሮች፣ የመጻሕፍት መደርደሪያችንን፣ መምህራችን የሚያስተምሩበትን አትሮንስ የሠራው እርሱ ነው። እኛ ግን በሕይወት ሳለ በጉባኤያችን ፊት ቆሞ እንዲናገር አንድ ቀን እንኳ አልጋበዝነውም። የምንፈልገው ወንበር ሲሰበር ብቻ ነበር።

አርባው ሲደርስ ፍትሐቱና ጸሎቱ በሥርዓቱ ተደረገ፤ ቤተሰቡም ዐቅም በፈቀደ መጠን ነዳያንን አበላ። ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ግን እኛስ ምን እናድርግለት ብለን ተመካከርን። በዚህ ጊዜ ከመካከላችን አንዱ ያነበበውን ነገረን። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት ቢሊ ስታር የሚባል ሰው እናቱን በካንሰር ካጣ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 36 ብስክሌተኞች ሆነው ከስፕሪንግፊልድ እስከ ፕሮቪንስታውን በመጓዝ ለካንሰር ምርምርና ሕክምና 10,200 ዶላር ሰበሰቡ። ጉዞው በየዓመቱ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. እስከ 2024 በጠቅላላው ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገኝቷል። እኛም ይህን ሰምተን፣ ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ወደ 100 ኪሎ ሜትር በብስክሌት ተጉዘን፣ በምናገኘው ገንዘብ ሁለት የድሃ ልጆች የእንጨት ሥራ እንዲማሩ፣ ለየራሳቸውም መጋዝና መላጊያ እንዲገዛላቸው ወሰንን።

አባቶች ግን ጠየቁን። «ልጆቻችን፣ ብስክሌት መንዳት ተዝካር ይሆናልን?» አሉን። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። መንዳቱ በራሱ ተዝካር አይሆንም። ስለ ሙታን የሚጸለየው ጸሎትና የሚቀርበው መሥዋዕት የቤተ ክርስቲያን ነው፤ በእርሱ ፈንታ የምናቆመው ነገር የለም። ከጸሎቱ ጋር አብሮ የሚሄደው ግን ምጽዋት ነው። ለአንድ ቀን የሚበቃ ምጽዋት አለ፤ ለዕድሜ ልክ የሚበቃም አለ። ድካማችንም ተቀምጠን የሰው ኪስ እንዳንጠይቅ ያህል እንጂ የምንመካበት አይደለም። ይህን ስንነግራቸው መርቀው ሸኙን።

በዕለቱ ገና ጎሕ ሳይቀድ ጸሎት አድርገን ዐሥራ አንድ ሆነን ተነሣን። አቃቂን አልፈን፣ ዱከምን አልፈን፣ ቢሾፍቱ ልንደርስ ስንል ያንዳችን ጎማ ተነፈሰ። ከመንገዱ ዳር አንድ ጎሚስታ ነበር፤ ከኛ በዕድሜ የሚያንስ። የውስጡን ጎማ አውጥቶ ነፍቶ በውኃ ውስጥ ነከረው፤ አረፋ ከሚወጣበት ቀዳዳውን አወቀ፤ ፍቆ፣ ማስቲሽ ቀብቶ፣ ለጠፈው። ከመካከላችን የምሕንድስና ተማሪዎች ነበሩ። ስለ አየር ግፊት ብዙ ጽፈው ፈተና አልፈዋል፤ በዚያች ሰዓት ግን እጃቸውን አጣጥፈው ከመመልከት በቀር የሚያደርጉት አልነበራቸውም። ሒሳብ ስንሰጠው የጉዟችንን ምክንያት ሰምቶ፣ «እንግዲያው የኔንም ጻፉት» ብሎ መለሰልን። ከዚያ ሞጆን አልፈን በሰላም አዳማ ገባን።

ወንድሞችና እኅቶች፣ እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር። ስሕተታችን የመጣው ከተመለስን በኋላ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናን ምስጋና ስናቀርብ፣ «ገንዘቡ ትምህርት ላልሆነላቸው ልጆች ይውላል» ብለን ተናገርን። ይህን ስንናገር ከመረጥናቸው ልጆች አንዱ ከእናቱ ጋር በሕዝቡ መካከል ቆሞ ነበር። በማግሥቱ አልማርም ብሎ ላከብን። ደንግጠን ወደ ቤታቸው ሄድን። እናቱ ቡና አፍልተው አስተናገዱንና እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ፤ ገንዘባችሁ መልካም ነው። ነገር ግን ልጄን በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የወደቀ ብላችሁ ጠራችሁት።» ልጁም አንድ ነገር ብቻ ጠየቀን። «የራሳችሁን ታናሽ ወንድም ለዚህ ሥራ ትሰጡት ነበር?» መልስ አጣን።

ያን ቀን ያወቅነው ነገር ይህ ነው። የአናጢውን መታሰቢያ እናደርጋለን ብለን 100 ኪሎ ሜትር ስንጓዝ አናጢነትን መናቃችን አብሮን ተጉዞ ነበር። ይህ ንቀት አዲስ አይደለም፤ አያቶቻችንም ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን ሲሰድቡ ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ስለዚህ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ስድቡ መልኩን ለውጦ በኛ በተማርነው አፍ ተገኘ።

ቤተ ክርስቲያናችን ግን እንዲህ አላስተማረችንም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ መንፈሱን የሞላበት ወርቅና ናስ እንዲሠራ፣ እንጨት እንዲጠርብ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ የሕግ ሊቅ ሆኖ ሳለ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን ይሰፋ ነበር። ከሁሉም በላይ ጌታችን በናዝሬት በአናጢ ቤት አደገ፤ የአገሩም ሰዎች ጸራቢ እያሉ ሊያቃልሉት ሞከሩ። እንግዲህ በዚህ ሥራ የምናፍር ከሆነ ከማን ወገን እንደ ቆምን እናስብ።

በሚቀጥለው እሑድ በዚያው ስፍራ፣ በዚያው ሕዝብ ፊት ቆመን ይቅርታ ጠየቅን። ልጁ ወዲያው አልመጣም፤ ከሳምንታት በኋላ መጣ። ዛሬ ሁለቱም ልጆች ወንድማችን ይሠራበት በነበረው ቤት እየተማሩ ነው። ባለፈው ወር እግሩ የተሰበረውን አግዳሚ ወንበራችንን ያደሰው ይኸው ልጅ ነው። ይህን ጊዜ አድሶ እንዲሄድ አላደረግነውም፤ በጉባኤያችን ፊት ቆሞ ስለ እንጨት እንዲያስተምረን ለመንነው፤ አስተማረንም።

ስለዚህ ዘንድሮም ለመጓዝ የተነሣን ሁሉ፣ ጎማችንን ከመንፋታችን በፊት ልባችንን እንመርምር። ምጽዋት ከንቀት ጋር ከተሰጠ ተቀባዩን ያጎብጠዋል። የምንረዳውን ልጅ እንደ ታናሽ ወንድማችን የማናይ ከሆነ ከቤታችን ባንወጣ ይሻላል። አክብረን ከሰጠን ግን፣ ወንድማችን የያዘው መጋዝ በሌላ እጅ ሥራውን ይቀጥላል፤ እኛም እንደ ኢዮጴ መበለቶች እጁ የሠራውን እያሳየን ስሙን በጸሎት እናነሣለን።

የወንድማችንን ነፍስ ከቅዱሳን ጋር ያሳርፍልን፤ ለኛም የምናከብርበትን ልብ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።